«ሙሉ የተራራ ጉዞ ፓኬጅ» የሚባለውን እንዳትገዙ

ሰሞኑን ኦንላይን ላይ በየቦታው የሚለጠፍ ማስታወቂያ አለ። «ለተራራ የሚያስፈልግዎ ሁሉ በአንድ ቦርሳ» ይላል። ጃኬት፣ ቲሸርት፣ ካልሲ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ፣ የቦርሳ ዝናብ መከላከያ፣ ሁሉም ተጠቃሎ በቅናሽ። ገዝቼ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ፈትሻቸዋለሁ። አትግዙት። በተለይ ሙቀቱ አልፎ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ሃይኪንግ ልትወጡ ከሆነ በጭራሽ እንዳትሞክሩት።

ከጃኬቱ ልጀምር፤ ዋናው ማታለል ያለው እሱ ላይ ነው። ማስታወቂያው «ውሃ ፈጽሞ አያስገባም» ይላል። ዕቃው ሲደርስ ውስጡ የተሰፋችው ትንሽ መለያ ላይ ግን «ውሃ የሚቋቋም» ብቻ ነው የተጻፈው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ካፊያን ለትንሽ ጊዜ ይችላል። ዝናቡ ሲበረታና የቦርሳው ማንገቻ ትከሻ ላይ ሲጫነው ግን ውሃው ሰተት ብሎ ይገባል። የምር የዝናብ ጃኬት ከሆነ ጨርቁ የሚችለው የውሃ ግፊት በሚሊሜትር ይገለጻል (ሳያሾልክ የሚሸከመው የውሃ ቁመት ማለት ነው)፤ ለተራራ ብዙ ጊዜ የሚመከረው 10,000 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ይሄኛው ላይ አንድም ቁጥር የለም። ገልብጬ ሳየው ደግሞ ስፌቶቹ ከውስጥ በቴፕ አልታሸጉም። መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ነው፤ ጨርቁ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን እንኳ ውሃ በስፌቱ በኩል ይገባል። ለብሼው ሻወር ስር ቆምኩ፤ ትከሻዬና ክንዴ ወዲያው ራሰ።

ትንሽ ብረጥብ ምን ችግር አለው የምትሉ ካላችሁ እባካችሁ ይህን ልብ በሉ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር፣ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ከስር 15 ዲግሪ ሆኖ በቲሸርት ተጀምሮ የነበረ ጉዞ 1,500 ሜትር ከተወጣ በኋላ 5 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በዚያ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት ቆዳችን የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች እንዳለ ያህል ነው። ይሄ እንግዲህ ደረቅ ለሆነ ሰው ነው። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር 25 እጥፍ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ነው። የውስጥ ሙቀታችን ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሃይፖተርሚያ የሚባለው አደገኛ የሰውነት ቅዝቃዜ ይመጣል፤ ለዚህ ደግሞ የግድ በረዶ አያስፈልግም። ዝናብ፣ ነፋስና ድካም ይበቃሉ። ሰውዬው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይደነቃቀፋል፣ ማሰብ ሲያቅተው ደግሞ ራሱ አያውቀውም። እንዲህ ያለውን ጃኬት ለተራራ ብሎ መሸጥ በሰው ሕይወት መጫወት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቲሸርቱስ? «ላብ ቶሎ የሚያደርቅ» ተብሎ የመጣው መቶ በመቶ ጥጥ ነው። ካልሲውም ያው። ጥጥ ላቡን ይዞ ይቆያል፤ ለማረፍ ቆም ስትሉ ጀርባችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። ቆዳ ላይ የሚለበሰው ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ልብስ መሆን አለበት።

ባትሪው «ዝናብ አይፈራም» ተብሏል፤ የትኛውን የውሃ መከላከያ ደረጃ እንደሚያሟላ ግን የትም አልተጻፈም። ቢያንስ አይፒኤክስ 4 (IPX4) የሚል ፈልጉ፣ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል። በዚህ ወቅት ቀኑ እያጠረ ስለሚሄድ ባትሪ የግድ ነው። የሚያብረቀርቀው የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ ስስ ስለሆነ ነፋስ ይገልበዋል፣ ቶሎም ይቀደዳል፤ እንደ ከረጢት ተሰፍቶ ውስጡ የሚገባበት ዓይነት በጣም ይሻላል። የቦርሳው መከላከያም ጀርባ በኩል ክፍት ነው፤ መቀየሪያ ልብሳችሁን ጠንካራ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ብትጠቀልሉት ይበልጣል።

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ስፌቱ የታሸገና የራስ መሸፈኛ ያለው አንድ ጥሩ ጃኬት ላይ አውሉት። ከዚያ የሚቀጥለው ሲረጥብ እንኳ የሚያሞቅ ሹራብ ነው፤ ሰው ሠራሽ ወይም ሱፍ ይሁን። የላባ ጃኬት በደረቅ አየር አንደኛ ነው፣ ከረጠበ ግን ሙቀት መያዙን ያቆማል። ኮፍያና ጓንት ምናልባት ቤታችሁ አለ።

ለመመለስ ስሞክር ሻጩ ያለኝ «ማሸጊያው ከተከፈተ አንቀበልም» ነው። ሳይከፈት መለያው እንዴት ይነበባል? የስፌቱን የውስጥ ፎቶ ላኩልኝ ብዬ ጠየቅሁ፣ መልስ የለም። ማስታወቂያው ስር የጻፍኩት አስተያየትም ተሰረዘ።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ማስታወቂያው ሳይቀየር ስክሪንሾት አንሱት። የልብሱን መለያና የስፌቱን ውስጥ ፎቶ አብራችሁ አስቀምጡ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትንም አታጥፉ። የከፈላችሁት በካርድ ከሆነ ባንካችሁን «የተላከልኝ ዕቃ ማስታወቂያው ላይ እንደተባለው አይደለም» ብላችሁ ክፍያው እንዲጣራ ጠይቁ። የጊዜ ገደብ ስለሚኖረው ዛሬውኑ ጀምሩት።