አበባው በኦሞ የለቀቀ «የጥንት» ብርጭቆ

አቦ የድሬ ልጆች፣ እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ወር ከዚራ አካባቢ አንድ ሰው ስድስት ብርጭቆ አሳየኝ። ወገባቸው ላይ ነጭ የወይን ሐረግ ዞሯል። «ባቡሩ ድሬ ሲገባ አብሮ የመጣ ፈረንሳዊ ያመጣው ባካራት (የታወቀው የፈረንሳይ ብርጭቆ ፋብሪካ ሥራ) ነው። ማህተሙን ከስር እየው» አለኝ። አየሁ። 9,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

በቀጥታ አክስቴ ቤት ወሰድኩት። እሷ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሙቅ ውሃና ኦሞ ውስጥ ከተተችው። ሐረጉ ስፖንጁ ላይ ቀረ። «ልጄ፣ ይሄ ብርጭቆ ነው ወይስ ቀለሙን የሚለቅ ሻሽ?» አለችኝ። እስካሁን ትስቅብኛለች።

እውነተኛው በአሲድ የተቀረጸ ብርጭቆ መቼም አይለቅም። ብርጭቆው ሰም ይቀባል፤ ንድፉ በመርፌ ሰሙ ላይ ይጫራል። ከዚያ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል። አሲዱ ሰሙን አይነካም፤ የተጫረውን ቦታ ብቻ ይበላል። ስለዚህ አበባው ከመስታወቱ የተበላ ጉድጓድ እንጂ የተቀባ ነገር አይደለም። (ቤት ውስጥ ልሞክር የሚል ካለ ይተው፤ ይህ አሲድ ቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ ይገባል።) የእኔው ግን ቀለም ነበር። ጥፍሬን ባሳልፍበት ኖሮ ከመስታወቱ ከፍ ብሎ ያደናቅፈኝ ነበር። አላሳለፍኩም።

የበለጠ ያናደደኝ ማህተሙ ነው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ባካራት ግን በምርቶቹ ሁሉ ላይ በአሲድ ማህተም ማሳረፍ የጀመረው በ1936 ነው። ከዚያ በፊት በብዛት ወረቀት ነበር የሚለጠፈው። በባቡሩ መጣ የተባለ ብርጭቆ ያ ማህተም ካለበት መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ማህተም ሳይ ጭራሽ አመንኩ!

ቂጡንም ገልብጣችሁ እዩ። ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ የተጎተተ ብርጭቆ ከስሩ ወዲያና ወዲህ የተጫጫሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው።

ሰውየው ጋ ተመልሼ ነበር። «እኔ እንዲታጠብ መቼ አልኩ?» ብሎኝ አረፈ። ሌላ አንድ ደርዘን፣ ጽጌረዳ ያለበት፣ አለኝ ብሎኛል። ካሳያችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሙቅ ውሃ ጠይቁት።