ታይ ደን ወይስ ሴራ ዳ ካፒቫራ?

ዶክትሬቱን ጨርሶ የዱር ፕራይሜቶች (ቺምፓንዚና ጦጣን የመሳሰሉ እንስሳት) በመሣሪያ እንዴት እንደሚጠቀሙ ማጥናት ለሚፈልግ ተመራማሪ ሁለት ቦታ ቀድሞ ይታየኛል። አንዱ አይቮሪ ኮስት ያለው የታይ ደን ነው። ሌላው የብራዚሉ ሴራ ዳ ካፒቫራ ፓርክ።

የታይ ቺምፓንዚዎች ጠንካራ ፍሬ ይሰብራሉ። ኩላ የሚባለው ፍሬ በእንጨትም በድንጋይም ይሰበራል። ፓንዳ የሚባለው ፍሬ ግን ያለ ከባድ ድንጋይ ንቅንቅ አይልም። እናቲቱ ፍሬውን የዛፍ ሥር ላይ ታስቀምጣለች፣ ትመታለች፣ ገልበጥ አድርጋ ትደግማለች። ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ዓይኑን አይነቅልም። ሙያውን በደንብ እስኪይዝ ዓመታት ይፈጅበታል። የድህረ ዶክትሬት ኮንትራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ደግነቱ፣ የቺምፓንዚ ተመራማሪው ክሪስቶፍ ቦሽ እዚያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ስለሆነ፣ አዲስ ገቢ የተጠራቀመ መረጃ ይጠብቀዋል። ከባዱ ነገር በሽታ ነው። የእኛ ጉንፋን ቺምፓንዚ ይገድላል፤ ማስክ አድርጎ ራቅ ብሎ መከታተል ግድ ነው።

ሴራ ዳ ካፒቫራ ደረቅ አገር ነው። ካፑቺን ጦጣዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ግን የካሹ ለውዝ በድንጋይ ይፈረክሳሉ፣ መሬት ይቆፍራሉ፣ በቀጭን እንጨት እንሽላሊት ከተደበቀበት ያስወጣሉ። በቁፋሮ የተገኙት ድንጋዮቻቸው ወደ 3,000 ዓመት ወደኋላ ይወስዳሉ፤ መጠናቸውም በየዘመኑ ይለያያል።

ልጅ ከእናቱ እንዴት እንደሚማር ለሚጠይቅ፣ እኔ ያለማመንታት ታይ እላለሁ። የመሣሪያውን የዘመናት ለውጥ ለሚከታተል ግን ብራዚል ትሻለዋለች።