ለአባቴ ያሠራነው የሄፓታይተስ ሲ ጂኖታይፕ ምርመራ

አባቴ የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ጨርሶ ነበር፤ በኋላ ሲመረመር ግን ቫይረሱ ተመልሶ ደሙ ውስጥ ተገኘ። ሐኪሙ ሁለተኛውን ሕክምና ከመወሰኑ በፊት ጂኖታይፑን (የቫይረሱን ዓይነት) አሠሩ ስላለን አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግል ላብራቶሪ ሄድን።

መልካሙን ላስቀድም። ደም የቀዳችው ልጅ እጇ ይባረክ፤ የአባቴ ደም ሥር በቀላሉ አይገኝም፣ እሷ ግን አላሠቃየችውም። ደግሞም ቫይራል ሎዱን (ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን) ሳናይ ጂኖታይፕ አንሠራም አሉ። ትክክል ናቸው፤ ቫይረሱ በጣም ትንሽ ከሆነ ዓይነቱን መለየት ያቅታል፣ ገንዘቡም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ቅሬታዬ ውጤቱ ላይ ነው። ወረቀቱ «ጂኖታይፕ 4» ይላል፤ የንዑስ ዓይነቱ ቦታ ባዶ ነው። ስጠይቅ «ምርመራው ከዚህ በላይ አይለይም» አሉኝ። ታዲያ ይህን ሳንከፍል ለምን አልነገሩንም? ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚገኘው እኮ ራሱ 4 ነው። እኛ የፈለግነው የትኛው 4 እንደሆነ ማወቅ ነበር። ሩዋንዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት 4አር የተባለው ንዑስ ዓይነት ያለባቸው ሕሙማን በሌዲፓስቪርና ሶፎስቡቪር የመዳን ዕድላቸው ከሌሎቹ አንሶ ተገኝቷል። አባቴ የወሰደውም እሱኑ መድኃኒት ነው። 4አር እኛም አገር አለ።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ አንዳንዱ ምርመራ የሚያየው ከዓይነት ዓይነት ብዙም የማይለያየውን የቫይረሱን ክፍል ነው። ዋናውን ዓይነት ለማወቅ ይበቃል፤ ንዑሱን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። የሚለያየውን ክፍል በዝርዝር የሚያነበው ሲኩዌንሲንግ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትታከሙ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአዋቂዎች የሚመክረው እንደ ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ያሉ፣ ሁሉንም ዓይነት የሚያክሙ መድኃኒቶችን ነው። ስለዚህ ጂኖታይፕ አስፈላጊ መሆኑን መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቀድሞ የሚያስፈልገው ቫይረሱ አሁንም መኖሩን የሚያረጋግጠው የፒሲአር ምርመራ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው) የተገኘበት ሁሉ አሁን ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም፣ በራሱ የሚጠፋለት ሰው አለ።

ለመስተንግዶው ከአምስት አምስት፣ ለመረጃ አሰጣጡ ሁለት እሰጣለሁ። እንደ አባቴ መድኃኒት ጨርሶ የተመለሰበት ሕመምተኛ ያላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «በሲኩዌንሲንግ ነው? ንዑስ ዓይነቱን ትጽፋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ አዎ ያለንን ሌላ ላብራቶሪ አግኝተናል፤ ሰኞ ጠዋት ደም እንሰጣለን።