የዓይን ሞራ ማስገፈፍ፦ በሌዘር ወይስ በተለመደው?

ሐይቅ ከተማ ያለችው አክስቴ የዓይን ሞራዋን ልታስገፍፍ ስትነሳ፣ አዲስ አበባ ያለው ልጇ ደውሎ «በሌዘር ካልሆነ እንዳታስነኪው!» አላት። ከፍቅር ነው፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም።

ሌዘሩ ሞራውን፣ ማለትም የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ፣ አያቀልጥም። ዓይኑን ይበሳል፣ የሌንሱን ከረጢት በክብ ይከፍታል፣ ሌንሱን ይሰነጣጥቃል። ስብርባሪውን በአልትራሳውንድ ንዝረት አድቅቆና መጥጦ ሰው ሠራሽ ሌንስ የሚያስገባው ያው ሐኪሙ ነው። በተለመደው ዘዴ መክፈቱም በሐኪሙ እጅ ይሆናል። የሌዘሩ ክብ ይበልጥ የተስተካከለ ነው፤ ይህን አልክድም።

እይታውስ? በእንግሊዝ 785 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ከ3 ወር በኋላ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳዩም ሌዘሩ ብልጫ እንደሌለው፣ ወጪው ግን እንደሚያይል አሳይቷል።

የአክስቴ ሞራ ደግሞ ቆይቶ ጠጥሯል። ለእንዲህ ዓይነቱ ያለ አልትራሳውንድ በጠባብ ቀዳዳ በእጅ የሚወጣበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ስፌት የማይሻ ርካሽ ዘዴ አለ፤ ውጤቱም ጥሩ ነው። ለእይታዋ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሌንሱ ቁጥር በትክክል መለካቱ፣ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) እና ስኳር አስቀድሞ መታየቱ፣ ጠብታውንም አለማቋረጧ ነው። ልጇ ለሌዘር ያሰበውን ብር ለደሴ የሕክምና ምልልሷ ይላክላት።