በአንድ ነጥብ ላይ ያለውን መጠን ማውጣት፦ ኮምሶል፣ አባኩስ ወይስ ኦፕንፎም?

ሦስቱም ሙቀትን፣ ስትረስን (በአካል ውስጥ የሚፈጠር ጫና) ወይም ፍሰትን በኮምፒውተር የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ናቸው። አካሉን ሜሽ በሚባል መረብ ይከፋፍሉታል፤ ትናንሾቹ ክፍሎች ኤለመንት ወይም ሴል፣ ማዕዘኖቻቸው ላይ ያሉት ነጥቦች ኖድ ይባላሉ። የውጤቱ ባለቀለም ሥዕል በሁሉም ያምራል። ልዩነቱ የሚታየው «በዚህ ኮኦርዲኔት ላይ ሙቀቱ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ሁሉም ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቁጥሩ የዚያው ነጥብ ነው ወይስ የጎረቤቱ የሚለው ግን ይለያያል።

ኮምሶል ለዚህ ሥራ ቀላሉ ነው። ስሌቱ ካለቀ በኋላ ከዳታሴቶች «ካት ፖይንት 3ዲ»ን ይጨምሩ፣ ኮኦርዲኔቶቹን ያስገቡ፣ ከዚያ «ፖይንት ኢቫሉዌሽን» ውስጥ ይህንኑ ዳታሴት ይምረጡ። ነጥቡ ኖድ ላይ ባያርፍም በኤለመንቱ ሼፕ ፈንክሽን (በኖዶች መካከል ያለውን መጠን በሚሰጠው ቀመር) ይሰላል። ነጥቦቹ ብዙ ከሆኑ ከፋይል ይጫናሉ። ጂኦሜትሪው ላይ ነጥብ ጨምሮ ሜሹንና ስሌቱን መድገም ከንቱ ልፋት ነው። የሚያስቸግረው ጠምዛዛ ወለል ነው፤ ሜሹ ኩርባውን በትክክል ስለማይከተል ወለሉ ላይ ያለ ነጥብ ከሜሹ ውጭ ሊቀርና ውጤቱ «ናን» (ቁጥር አይደለም) ሊሆን ይችላል። ያኔ ነጥቡን በአቅራቢያው ወዳለው ወለል የሚያስጠጋውን ምርጫ ያብሩ።

አባኩስ ለጠጣር አካላት ስትረስ ተመራጭ ነው፤ ምክንያቱም ጥሬውን ቁጥር አይደብቅም። ስትረስ የሚሰላው በኢንተግሬሽን ነጥቦች (በኤለመንቱ ውስጥ ባሉ የስሌት ነጥቦች) ነው። ኖድ ላይ የሚታየው ከእነርሱ ወደ ውጭ ተዘርግቶ በአጎራባች ኤለመንቶች መካከል የተማከለ ነው፤ የማማከያው ገደብ (ልዩነታቸው ከዚህ በታች የሆኑት ብቻ ይማከላሉ) ካልተቀየረ 75 በመቶ ነው። «ፕሮብ ቫልዩስ» ውስጥ የኢንተግሬሽን ነጥቡንም የኖዱንም ማንበብ ስለሚቻል ሁለቱን ያነጻጽሩ፤ በጣም ከተራራቁ ሜሹ ሻካራ ነው (ክፍሎቹ ትልልቅ ናቸው)። በኖዶች መካከል ላለ ነጥብ ደግሞ በኮኦርዲኔት የተሠራ «ፓዝ» (የንባብ መስመር) ያስፈልጋል። በጊዜ የሚለዋወጥ መጠንን ጥቅጥቅ አድርጎ ለመመዝገብ ሂስትሪ አውትፑት (ለተመረጡ ቦታዎች በየጊዜው የሚመዘገብ ውጤት) ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት መታዘዝ አለበት። ካልታዘዘ የሚገኘው ፊልድ አውትፑት (የመላው አካል ውጤት) የተቀመጠባቸው ቅጽበቶች ብቻ ናቸው።

ኦፕንፎም ነጻ ነው፤ ለፈሳሽና ለጋዝ ፍሰት፣ በተለይም በስክሪፕት ለሚደጋገም ሥራ ይመቻል። «ፕሮብስ» የሚባለው ፈንክሽን በ«ኮንትሮልዲክት» ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ውጤቱ ስሌቱ እየሄደ ሳለ «ፖስትፕሮሰሲንግ» ፎልደር ውስጥ ይከማቻል። ኮኦርዲኔቱ በሜትር ነው፤ 5 ሚሊሜትር 0.005 ተብሎ ይገባል። ካልተቀየረ በስተቀር ነጥቡ ያለበትን ሴል መጠን እንዳለ ይሰጣል፤ በሴሉ ውስጥ የትም ቢያርፍ ቁጥሩ ያው ነው። ለማለስለስ ኢንተርፖሌሽኑን (በነጥቦች መካከል ያለውን መጠን የማስላት ዘዴውን) «ሴልፖይንት» ያድርጉት። ያው ውጤት በፓራቪው (የውጤት ማሳያ ፕሮግራም) ሲነበብ የተለየ ቁጥር ቢሰጥ አይደንግጡ፤ ፓራቪው የሴሉን መጠን ወደ ኖዶች አዛውሮ ማንበብ ይችላል። በፓራቪው «ቫሊድ ፖይንት ማስክ» የሚለው ዓምድ 0 ካለ ነጥቡ ከሜሹ ውጭ ስለሆነ ቁጥሩን ይጣሉት።

አንድ ነገር በሦስቱም አይቀየርም፦ ስለታም የውስጥ ማዕዘን ላይ ስትረስ አይነበብም። የሜሹ ክፍሎች ባነሱ ቁጥር ስትረሱ ይጨምራል እንጂ አይረጋም።

ከመክፈልዎ በፊት በሙከራ ፈቃዱ ይህን ይሥሩ። 1 ሜትር ዘንግ፣ አንዱ ጫፍ 0፣ ሌላው 100 ዲግሪ፣ ጎኖቹ ሙቀት የማያስወጡ፣ 10 እኩል ክፍል። በ0.37 ሜትር ያንብቡ። 37 ካለ በትክክል አስልቷል። 35 ካለ የሴሉን መካከል፣ 40 ካለ ደግሞ የቅርቡን ኖድ ነው የሰጠዎት።