አሮጌ የእንግሊዝኛ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት፣ ከደሴ ፒያሳ

ትርጉም ፈልጋችሁ ከሆነ ይህን አትግዙ። ሥራው እንግሊዝኛ ቃሉን ከየት እንዳመጣው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ፒያሳ መንገድ ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጋ ልጅ በ450 ብር ወሰድኩት። ሽፋኑ ተገንጥሎ ካርቶን ስለተለጠፈበት የአሳታሚውን ስም አትጠይቁኝ። ልጁ ሐቀኛ ነው፤ «እህቴ፣ ለማትሪክ ብለሽ ከሆነ ተይው» ብሎኛል።

የምሠራው ፋርማሲ ስለሆነ መጀመሪያ የፈለግኩት «አልኮል»ን ነው። እንግሊዝኛ ከመካከለኛው ዘመን ላቲን ወሰደው፣ ላቲኑ ደግሞ ከዓረብኛ «አል ኩሕል»። ያው የምንኳለው ኩል! ላቲኑ መጀመሪያ ደቃቅ ዱቄት ማለት ነበር፤ እየቆየ ተጣርቶ የወጣ ነገር ሁሉ ተጠራበት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፓራሴልሰስ የተባለው ሐኪም ከወይን ተጣርቶ የሚወጣውን «የወይን አልኮል» አለው። በኋላ «የወይን» የሚለው ቀረና ለቁስል መጥረጊያ የምንሸጠው ፈሳሽ ስሙን ይዞ ቀረ። ሳትኳል ከቤት የማትወጣው አክስቴ ይህን ስነግራት «አስተግፊሩላህ» ብላ ዞረች።

«ማስል»ም አለ፣ ጡንቻ። ከላቲን «ሙስኩሉስ» ነው፣ ትንሽ አይጥ ማለት። «ማውስ» የሚለው የአይጥ ስምም ከዚያው ሥር ነው፤ እሱ በጀርመናዊው የቋንቋ ዘር በኩል ሲወርድ ጡንቻው በፈረንሳይኛ ዞሮ ገባ። ሁለቱ የሚገናኙበት የጥንቱ ቅርጽ ፊት ኮከብ ተደርጓል። ተጽፎ አልተገኘም፣ ምሁራን ልጆቹን ቋንቋዎች አስተያይተው የደረሱበት ነው ማለት ነው። የተገኘውንና የተገመተውን ባለመቀላቀሉ አከበርኩት።

ዓረብኛ ላይ ሲደርስ ግን ይደክመዋል። ለላቲኑ አንቀጽ ሙሉ ይሰጥና ለ«ኩሕል» አንዲት መስመር። ዕብራይስጡም፣ ግዕዙም «ኵሕል» ሥሩን እንደሚጋሩ ትንፍሽ አይልም። እኛ ደግሞ ማወቅ የምንፈልገው ያንን ነበር።

ጽሕፈቱ ደቃቅ ነው፣ መነጽር ያስፈልጋል። ልጁ ጋ ሽፋኑ ያልተነካ ሌላ ቅጂ አለ፣ 700 ይለዋል። ስትገዙ የአሕጽሮት መፍቻው ገጽ መኖሩን እዩ። የእኔ ላይ ተቀዶ «ኦ ኤፍ» የምትለዋ የድሮ ፈረንሳይኛ መሆኗን ያወቅኩት ከስልኬ ነው።