«መስታወቱ ይቀየር» ሳይል ለጠገነው የድሬ ባለሙያ ምስጋና

በክረምት ከድሬ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የወጣ ሾፌር ነገሩን ያውቀዋል። ከታች ሲነሱ መስኮት ሁሉ ክፍት ነው፣ ላብ ነው። ጠመዝማዛው ሲያልቅ ብርድና ጉም ይቀበላል፤ መስኮት ይዘጋል፣ የተሳፋሪው ትንፋሽ መስታወት ላይ ያርፋል፣ በስፖኪዮ የሚታየው ነጭ ነገር ብቻ ይሆናል። ከኋላ የጭነት መኪና ይምጣ አይምጣ መለየት አይቻልም። «ለድሬ ሙቀት ዲፍሮስተር (የመስታወት ማሞቂያ) ምን ያደርጋል» የሚል ሰው በሐምሌ ማለዳ አንዴ ሐረር ደርሶ ይመለስ።

ይህ ምስጋና የአንዲት አሮጌ ኮሮላን የኋላ መስታወት ማሞቂያ ለጠገነልን የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ ነው። እሱ ጋ ከመድረሷ በፊት ሦስት ቦታ ገብታለች። አንዱ ሳይለካ ጤነኛውን ባለ 20 አምፒር ፊውዝ አውጥቶ ባለ 30 ከተተበት። ይህ ጥገና አይደለም፤ ሽቦው ከፊውዙ ቀድሞ እንዲቃጠል ማመቻቸት ነው። ሌላው የተነቀለውን የሽቦ መያዣ በሱፐር ግሉ ለጠፈው፤ በዚያ ላይ አሮጌውን ስቲከር በምላጭ ሲፍቅ መስታወቱን የሚያሞቁትን ቀጫጭን መስመሮች ቆራረጣቸው። ሦስተኛው ቆሞ አየና «መስታወቱ ሞቷል፣ ሌላ ግዙ» አለ። ሦስቱም ገንዘብ ተቀብለዋል። አንዳቸውም ቴስተር (የኤሌትሪክ መለኪያ) አላነሱም፤ የሚያንገበግበው ይሄ ነው።

ወንድማችን ግን መጀመሪያ ሞተር አስነሳና የማሞቂያውን ማብሪያ ቁልፍ አበራ። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቀለለው፤ ሹሉ ጫፍ ቀጭኑን የብር መስመር ይጭራልና። ጥቁሩን ቀለም በሌለው የቦዲ ብሎን ላይ አስያዘ። በቀኝ ጠርዝ ያለውን ወፍራም መስመር ነካ፤ 13.4 ቮልት። በግራ ያለውን ነካ፤ እዚያም 13.4። ሳቅ አለና «መስታወታችሁ ጤነኛ ነው» አለን። ኤሌትሪኩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ወደ ማሳ (ወደ መኪናው ቦዲ ብረት) ቢወጣ ኖሮ ግራው ዜሮ አካባቢ ማንበብ ነበረበት። ሁለቱም ወገን እኩል ካነበበ መውጫው ተዘግቷል ማለት ነው። የዘጋውም ያ ሱፐር ግሉ ነው፤ ሙጫ ኤሌትሪክ አያሳልፍም። ከግራው ጠርዝ ወደ ቦዲው ጊዜያዊ ሽቦ አገናኘና የመኪናዋን ባለቤት መዳፍ መስታወቱ ላይ አስቀመጠ። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ሞቀ። ያን ሁሉ ገንዘብ የበላው ነገር በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ተፈታ!

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግስት ነው። ሙጫውን በአሴቶን አጸዳ፣ መያዣውን ብር ባለበት ሊድ (ቀልጦ የሚያጣብቅ የብየዳ ሽቦ) በየደው። ተራው ሊድ የመስታወቱን ብር እያሟሟ ስለሚወስደው ብዙ አይቆይም። መያዣውን አስቀድሞ ሊድ ቀባው፣ የመበየጃ ካውያውንም ከጥቂት ሰከንድ በላይ አላቆየም፤ ከበዛ የብሩ ንጣፍ ከመስታወቱ ይላጣል።

በምላጭ የተቆረጡትን መስመሮች ለማግኘት የፈላ ውሃ እንፋሎት ከውስጥ አስነካው። ከ12ቱ መስመሮች ዘጠኙ ዙሪያቸውን ጠረጉ፣ ሦስቱ ላይ ጭጋጉ እንዳለ ቀረ። መስመሮቹ ጎን ለጎን ስለተያያዙ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ይሠራል። የተቆረጠበትን ነጥብ ለመለየት ፎይሉን በመስመሩ ላይ ከፖዘቲቩ በኩል አንሸራተተ። ጤነኛ መስመር ላይ ቮልቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ መሐሉ ላይ 6 አካባቢ ነው፤ የተቆረጠው ላይ ግን 13ን ይዞ ይሄድና ድንገት ዜሮ ይገባል። ቁርጡ እዚያው ነው።

ቁርጡን የሚያገናኘውን ቀለም ግን በቀትር አልቀባም። በድሬ ፀሐይ የጋለ መስታወት ላይ ብር ያለበት ቀለም ሳይያያዝ ይደርቃል ብሎ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቆማትና ማታ ተመለሱ አለን። ማታ በአልኮል ጠረገ፣ ከመስመሩ ላይና ታች የወረቀት ፕላስተር ለጠፈ፣ በየመሐሉ ጊዜ እየሰጠ ሦስት ጊዜ በስሱ ቀባ። ባለ 20ውን ፊውዝ ወደ ቦታው መለሰ። ስንወጣ በቁራጭ ፕላስተር ላይ «እስከ ነገ ማታ አይነካ» ብሎ ጽፎ ማብሪያ ቁልፉ ላይ ለጠፈው። የለካበትን አላስከፈለም፤ የተረፈችውን ቀለም እንኳን «ለሌላ ቀን ትሆናችኋለች» ብሎ ከነጠርሙሷ ሰጠን። አቦ ይመችህ! እጅህ ይባረክ!

እሱ ያስጠነቀቀንን እንናገር። መስታወቱ በለስላሳ ጨርቅ፣ በመስመሩ አቅጣጫ ወደ ጎን ብቻ ይጠረግ። ስቲከር በምላጭ አይነሳ፣ በእንፋሎት ለስልሶ ይላጥ። ከኋላ ወንበር ጀርባ የሚጫን ዕቃ መስታወቱን አይፈግፍግ። ማሞቂያው ሞተር ሳይነሳ አይብራ፤ ከ10 አምፒር በላይ ይስባል፣ ባትሪ ይጨርሳል። ጭጋጉ በየቀኑ ከተመለሰ ደግሞ ምንጣፉን ንኩ፤ እርጥብ ከሆነ የመስታወቱ ላስቲክ ውሃ እያስገባ ሊሆን ይችላል።

ድሬም ሐረርም ያላችሁ፣ «መስታወት ግዙ» ከተባላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁን ለዚህ ልጅ አሳዩት። ስልኩን በአደባባይ ማውጣት ስለማይወድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እሱን አስፈቅደን እንልካለን። ማለዳ ሂዱ፣ ማታ ድረስ መኪናዋን ለመተው ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።